አጌቱ ለሁለት

ቆራጯ ድንጋዩን ከባልዲው ውኃ አውጥታ ጨርቅ ላይ ታስቀምጠዋለች። ጡጫ ያህላል፤ ቆዳው ሻካራ፣ መልኩ የጭቃ።

"ይሄ ነው እንግዲህ ያጣላችሁ?" ይላሉ አባቷ ከጥግ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መጋዙን ለእሷ ትተዋል፤ አፋቸው ግን ጡረታ አልወጣም።

ድንጋዩን ያመጡት ሁለት እህትማማቾች በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ አይተያዩም። ድንጋዩ በእናታቸው ዕድሜ ሙሉ ከመስኮቷ ላይ ተለይቶ አያውቅም። ከሞተች ወዲህ ሁለቱም ለእኔ ይገባል ብለው ተኳርፈዋል። የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይቆረጥ፣ እኩል።

"እኩል ማለት በሚዛን ነው?" ትላለች ታናሽየዋ።

"በሚዛንማ ቢሆን ምን ችግር ነበረው!" ትላለች ቆራጯ። "አጌት የሚባለው የጌጥ ድንጋይ ውስጡ ቀለበት በቀለበት ነው። የቀለበቶቹን እምብርት ካገኘሁት ለሁለታችሁም አንድ ዓይነት ይወጣል። ከሳትኩት ለአንዳችሁ ጌጥ፣ ለሌላችሁ የበር ማስደገፊያ።"



"በወገቡ ቁረጪው" ይላሉ አባቷ። "እኔ ስንቱን በወገቡ ቆርጬዋለሁ።"

"ቆይ አባባ፣ መጀመሪያ ይድረቅ።"

ድንጋዩ ሲደርቅ ያያሉ። አንዱ ጫፉ ድሮ ተሸርፏል። እዚያ ላይ ውኃው እኩል አይለቅም፤ አንዱ መስመር ቶሎ ይነጣል፣ ቀጥሎ ያለው እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ ደግሞ አንዱ ይነጣል። ቆራጯ ጎንበስ ትላለች። መስመሮቹ ወደ ወገቡ አይሄዱም። እዚያው ጫፉ ላይ ይጠመዘዛሉ፤ እምብርቱ በዚያ በኩል ነው።

ድንጋዩን አዙራ መጋዙ ላይ በቁመቱ ታስረዋለች።

"አዞርሽው እንዴ?"

"አዞርኩት።"

አባቷ ከጥግ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። መጋዙ ይጮኻል፤ ግራጫ ውኃ በእጇ ላይ ይወርዳል። ሐሳቧን የምትቀይርበት ጊዜ አልፏል።

ድንጋዩ ይከፈላል። ነጭ፣ የጭስ ሰማያዊ፣ የማር ቀለም፣ እንደገና ነጭ፤ በቀለበቶቹ መሃል እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ነጥብ። በሁለቱም ላይ።

እህትማማቾቹ መቼ እንደቀረቡ ሳይታወቅ ጠረጴዛው ጋ ደርሰዋል።

"ያንቺ ደመቅ አላለም?" ትላለች ታናሽየዋ።

"እንለዋወጣ።"

ይለዋወጣሉ። ያገላብጣሉ።

"አይ፣ ያኛው ይሻል ነበር።"

"አንቺ ደሞ! እንኪ።"

ሦስተኛ ጊዜ ሲቀያየሩ የትኛው የማን እንደነበር ቆራጯም ይጠፋባታል። እነሱ ግን ልብ አላሉም፤ አምፖሉ ስር ግንባር ለግንባር ተጋጥመው በጣታቸው ቀለበት ይቆጥራሉ።