ሁሉንም የጨበጠች እጅ

አክስቱ እሱ የሚሠራበትን የትልቁን ከተማ ክሊኒክ በር ገፍታ ገባችና እንደ ትንሿ ከተማቸው ወግ፣ ወረፋ ከያዙት በሽተኞች አንዱንም ሳትዘል እየጨበጠች «እንደምን አደራችሁ» ትል ጀመር። እሱ ከካርድ መስኮቱ ኋላ አንገቱን ቀበረ። ሥራ በገባ ሰሞን እሱም እንዲሁ ያገኘውን ሁሉ ሲጨብጥ ባልደረቦቹ «ባላገሩ» የሚል ቅጽል ስም ለጥፈውበት ነበር፤ ያንን ስም ለማራገፍ ስንት ዓመት እጁን ኪሱ ከቶ ኖሯል።

«ሴትዮዋ ለምርጫ ነው እንዴ የምትወዳደረው?» አለች አጠገቡ የተቀመጠችው ገንዘብ ተቀባይ እየሳቀች። «ያንተ አገር ሰው ትመስላለች። ታውቃታለህ?»

«ከየት አውቃታለሁ» አለ፤ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ግን ረሳ።

አክስቱ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ፈገግታዋ ከፊቷ ወርዶ ነበር። እናቱ ከሞተች ጀምሮ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ሴት፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ለእሱም እጇን ዘረጋችለት። «እንደምን አደሩ፣ ጌታዬ? ዓይኔን ልታከም መጥቼ ነው።»

አንቱታዋ እንደ ጥፊ አረፈበት። የሚገባበት ጠፍቶት ካርዱ ላይ አጎነበሰ፤ እጁም ሳይጠይቃት ስሟን ከነአያቷ ጻፈ።

ገንዘብ ተቀባይዋ አንገቷን አስግጋ አየች። «አላውቃትም አላልክም እንዴ? ስሟን ማን ነገረህ?»

የመለሰችው በልጅነቱ ለአንዲት ውሸት ከንፈሩን ትቆነጥጠው የነበረችው አክስቱ ናት። «አሁን እኔው ነገርኳቸው እኮ፣ የኔ ልጅ» አለች ረጋ ብላ።

«የኔ ልጅ» ያለችው ገንዘብ ተቀባይዋን ነበር።