ከአጥሩ ሥር የመጣው ደም

ደሙ ከጋሽ በላይ ግቢ ተነስቶ በቆርቆሮው አጥር ሥር ወደ እኛ ጓሮ እየገባ ነው። ትኩስ ነው። እህቴ ረሂማ ታየዋለች፤ የወጡን ጭልፋ ጥላ «ያ አላህ! ሁሪያ፣ ሰው ታርዷል!» ብላ ትጮኻለች።

«ዝም በይ!» እላታለሁ። «ሙሽራዋ ትሰማለች።»

ለእንዲህ ያለው ነገር አዲስ አይደለሁም። ጦርነቱ ከተማችን መርሳ ገብቶ ቤት ተዘግቶብን በከረምንበት ጊዜ የነበረኝ አንድ መጽሐፍ ነው፤ ሰርግ ላይ ሰው ይገደላል፣ አንዲት ሴትዮ ገዳዩን ትፈልጋለች። ደጋግሜ አነበብኩት። መጨረሻውን ግን እናቴ እሳት አያያዘችበት። ስለዚህ መመርመር እችላለሁ፤ ገዳይ ማግኘት ነው ያልሆነልኝ።

የጋሽ በላይ በር ከሸሹ ወዲህ እንደተቆለፈ ነው። የዛሬዋን ሙሽራ ኢሕሳንን በትከሻቸው ተሸክመው ያሳደጉ ጎረቤታችን ናቸው። «በሰርግሽ የክርስቲያኑን ሙክት የማርድ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ቢላ እንዳያነሳ» ይሏት ነበር። ውርጌሳ ላይ ተገደሉ የሚል ወሬ ከመጣ ወዲህ እንባዋ ቅርብ ነው። ዛሬም ቬሎዋን ለብሳ አልወጣም ብላ ጓዳ ተቀምጣለች። አባቷ፣ አጎቴ አቡበከር፣ ለእኛ በሬ አሳረዱ፤ ለክርስቲያን እንግዶቻችን ግን በፍስክ ሽሮ አሠሩ። «የበላይን ቢላ ለማን ልስጥ?» አሉ።

ጎንበስ ብዬ በቆርቆሮው ቀዳዳ አያለሁ። ሰው የለም። የታረደ ሙክት ተጋድሟል፤ ራሱ ወደ ምሥራቅ ዞሯል።

እኛ ስናርድ ወደ ቂብላ ነው፤ ቂብላ ደግሞ ለእኛ በሰሜን ነው። ሌባ ቢሆን ይዞ ይሮጣል እንጂ አቅጣጫ አይመርጥም። ወደ ምሥራቅ አዙሮ የሚያርድ ክርስቲያን ነው፤ ሰርጉ ዛሬ መሆኑንም ያውቃል።

«ገዳዩን አገኘሁት» እላታለሁ ረሂማን። ከዚያ አፌን ቀዳዳው ላይ አድርጌ እጣራለሁ። «ጋሽ በላይ! አንቱ ነዎት?»

ከማድ ቤታቸው ሳል ይሰማል።

«ምን አቻኮለሽ? ቁልፌን ስሸሽ ጣልኩት፤ በጓሮ ዘልዬ ነው የገባሁ። ገፍፌ ልጨርስ እንጂ፣ ባዶ እጄን ሰርግ ልግባ?»

«ሞተዋል ብለውን እኮ!»

«ቆስዬ ወድቄ አይተውኝ ነው። ስልክ የለ፣ መንገድ የለ፣ በምን ልንገራችሁ? ደግሞስ ሬሳ መቼ ሙክት ይገዛል?»

ረሂማ እልልታዋን ታቀልጠዋለች። ሙሽራ እንዲህ አትወጣም፤ ኢሕሳን ግን የሚዜዎቿን እጅ አስለቅቃ፣ ጫማዋን ጥላ፣ ቬሎዋን ሰብስባ ትመጣለች። የላላውን ቆርቆሮ ገፍታ ትሾልካለች።

«ተይ ልጄ፣ እጄ ደም ነው! ልብስሽ!»

አትሰማም። አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ጋሽ በላይ ነጩን ቬሎ እንዳይነኩ ብለው ሁለት እጃቸውን ከነቢላው ወደ ላይ ሰቅለዋል፤ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ነፍሰ ገዳይ።