የበር መዝገብ

ኢንጂነር ፍጹም የሰደበኝ ሚያዝያ ዘጠኝ፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የመሥሪያ ቤታችንን ዋና ኮምፒውተር ወደ አዲሱ ሕንፃ ሲያዛውር መረጃው የተቀመጠባቸውን አምስት ዲስኮች ነቅሎ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ አስቆምኩት። እኔ ጥበቃ ነኝ፤ ዕቃ ሳይመዘገብ አያልፍም።

«ሰባተኛ ክፍል ያልጨረስክ ደደብ! ይሄ ቁጥር ምን ሊገባህ ነው?» አለኝ ሰው እየሰማ።

የእያንዳንዱን ዲስክ መለያ ቁጥር ጻፍኩ፤ ከስንተኛው ቦታ እንደተነቀለም ጠይቄ አጠገቡ አሰፈርኩ።

በማግስቱ ፍጹም አዲሱ ሕንፃ ውስጥ ዲስኮቹን አዘበራርቆ ሰካና እንደ አዲስ አደራጃቸው። የከተማው የአሥራ አራት ዓመት የልደት መዝገብ ድራሹ ጠፋ። የተጠራው ባለሙያ፣ «የድሮው ተራ ከተገኘ ይመለሳል፤ ከተሳሳትን ግን አለቀ» አለ። ፍጹም ተራውን አያስታውስም።

ይህን ስሰማ መዝገቤን በብብቴ ይዤ ወደ አዲሱ ሕንፃ ገባሁ። ኃላፊዋ ወይዘሮ ትርንጎ ተቀብለውኝ ጮክ ብለው ሲያነቡ፣ ባለሙያው እየሰማ ሰካ። ብዙም ሳይቆይ የሕፃናቱ ስም ስክሪኑን ሞላው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ጉድ ሆኜ ነበር!» አለ ፍጹም እጄን ይዞ።

ወይዘሮ ትርንጎ ግን ማንበባቸውን አላቆሙም። «ምርመራ» ከሚለው የመጨረሻ ዓምድ ላይ ደርሰዋል።

«ዕቃውን ያወጣው ኢንጂነር ፍጹም፣ ለምን ትመዘግባለህ ብሎ ደደብ ብሎኛል። የሰሙ ሰዎች ስድስት።»



«ጋሼ... ይሄ ደግሞ ለምን ይጻፋል?» አለ ፍጹም።

መዝገቤን ተቀበልኩና ወደምጠብቀው በር ተመለስኩ።