የተበላው ሙሌት

ሳሊማ እንደገና መጣች። የመንጋጋ ጥርሷ ሙሌት ዓመት ሳይሞላው ተበልቶ አልቋል።

አሶሳ ውስጥ ትንሽ የጥርስ ክሊኒክ ያላት ስርጉት አፏን አይታ ተናደደች። አዲሱ አቅራቢ ያመጣው ዕቃ የማይረባ መሆን አለበት ብላ ደመደመች። ማፋጨትም ጥርስ ይበላልና፣ ለወጉ ያህል ሌሊት ጥርሷን ታፋጭ እንደሆነ ጠየቀቻት።

ሳሊማ ዞር ብላ በሩን አየች።

«እኔ አይደለሁም ዶክተር። ባሌ ነው።»

ባሏ ሙርሳል ጉባ ውስጥ፣ በግድቡ ሥራ ላይ ሾፌር ነበር። ሥራው አልቆ ከተመለሰ ወዲህ ንግግሩ አንሷል። ሌሊት ሌሊት ወፍጮ የሚመስል ድምፅ ትሰማለች። ደንግጣ ስትነቃ ድምፁ ይቆማል፤ እሱ ግን ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብሎ ያያታል። ምን ሆንክ ስትለው፣ ምንም አይደል ተኚ ይላታል።

«አንድ ቀን ስነቃ እጁ እዚህ ነበር» አለች፤ ጣቷን አገጯ ሥር አድርጋ። «ወላሂ፣ ያንቀኛል ብዬ ፈራሁ።»

ስርጉት ሙሌቱን ረሳችው። እሷም እንዲህ ያለ ወሬ ከእህቷ አፍ ሰምታ ነበር፤ የባልና ሚስት ነገር ነው ብላ አለፈችው፤ እህቷን ቀበረች።

ዛሬ እዚያ ቤት እንዳታድሪ ብላ አስጠነቀቀቻት።

ሳሊማ ልጇን አዝላ ባምባሲ፣ ወንድሟ ቤት ገባች። ወንድሟ ማህጁብ ሰምቶ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። ሙርሳልን ገበያ መሀል አግኝቶ ደበደበው። ሙርሳል እጁን እንኳ አላነሳም። ሽማግሌዎች ፍታት ሲሉትም አንገቱን ደፍቶ ፈታት።

በማግስቱ ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ ቆመ። ከንፈሩ አብጧል፤ የፊት ጥርሱ ተሰብሯል።

ስርጉት ብቻዋን ነበረች። ልታባርረው አስባ ደሙን ስታይ ተወችው። ወንበሩ ላይ ተጋድሞ ትልልቅ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣጠፈ። ዓይኗ ከእጆቹ አልነቀል አላት።

«ዶክተር» አለ፣ ሴቱን ከወንዱ በማይለየው አማርኛው፤ «ሳሊማ እዚያ ደህና ይተኛል?»

መብራቱን አስጠግታ አፉን አስከፈተችው።

ከተሰበረው በቀር የሙርሳል ጥርሶች ትናንት የበቀሉ ይመስል ጫፋቸው ስል ነበር፤ አንድም የተበላ አልነበረም።