ሰባት ቀን ያለፈው ጭቃ

«በቀበሌያችን የአንድ ግቢ ጭቃ ሳይገለበጥ ሰባት ቀን አልፎት ድንጋይ መሆኑን በጥልቅ ሐዘን እናስታውቃለን» ሲል ድምፅ ማጉያው ለፈፈ። ግቢው የጋሽ ዘርጋው ነው።

ምድር መቸኮል ከጀመረች ወዲህ ጭቃ በሳምንት አለት ይሆናል፤ አለቱም በመንፈቅ ተፈርፍሮ አሸዋ ይሆናል። ከጋሽ ዘርጋው ቤት ጀርባ አምና ሜዳ የነበረው ዘንድሮ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ኮረብታ ሆኗል። ግቢውን በየሳምንቱ ያልቆፈረ ሰው በሩ አይከፈትለትም።

የቀበሌዋ ሠራተኛ ማስተዋል መዶሻ ይዛ ስትመጣ፣ ጋሽ ዘርጋው ዝናቡ እንዳይነካው አለቱ ላይ የድስት ክዳን ደፍተውበት አገኘቻቸው። ክዳኑን አነሳችው። ትንሽ የሴት እግር ዱካ ነበር፤ አምስቱም ጣቶች ቁልጭ ብለዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቄ ልብስ ሊያሰጡ ወጥተው የረገጡት ነው። በማግስቱ ነው ያረፉት።

«ጋሽዬ፣ ቢበዛ መንፈቅ ነው እኮ! ከዚያ አሸዋ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ በሩም ይዘጋብዎት? ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፍ?»

ጋሽ ዘርጋው መዶሻውን ቀስ ብለው ከእጇ ተቀበሉና ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

«ምንም አትጻፊ፣ ልጄ። አላስረዳም።»