ስድስተኛው ካርቡራተር

ሶዌቶ ውስጥ መኪና ባለበት ቦታ እንደ እንዝርት በማሾር የታወቀ ሰው ሲሞት፣ መኪናው ሬሳው ፊት በወራሹ እጅ ይሾራል። ሞተሩ ከጠፋ «ሟቹ ወራሹን ጠላው» ይባላል።

ሟቹ ምቱንዚ አየር ስበው ከነዳጅ የሚቀላቅሉ ስድስት ካርቡራተሮች ያስገጠመላት መኪና፣ ሬሳ ሳጥኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ ወራሹ ሉንጊሳኒ እጅ ላይ ደጋግማ ጠፋች። ሁለቱም ወንድሞቼ ናቸው።

ሉንጊሳኒ ሞተሩን ሲያስነሳላቸው፣ ሜካኒኩ ጋሽ ዱማ የጎማ ቱቦ ጆሯቸው ላይ ደቅነው ካርቡራተሮቹን አንድ በአንድ አዳመጡ።

«አምስቱ እኩል ይስባሉ፤ ስድስተኛው ያቃስታል። ሞተሩን አጥፋው።»

«አጥፍቻለሁ እኮ ጋሼ፤ ቁልፉ ይኸው» አለ ሉንጊሳኒ።

ጋሽ ዱማ ቱቦውን አቀበሉኝ። ሞተሩ ጸጥ ብሏል፤ ቱቦው ውስጥ ግን የምቱንዚ አስም ያፏጫል።

ሉንጊሳኒ ነጥቆኝ አዳመጠ። ከዚያ ካቻቢቴ አንስቶ የስድስተኛውን ካርቡራተር የነዳጅ መቆጣጠሪያ ብሎን ማጥበቅ ጀመረ።

«ሉንጊ» አለ ቱቦው፣ ሁላችንም ሰማነው፣ «ታፈንኩ።»

«ዝም በል፤ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው» አለና አንድ ዙር ጨመረበት።