ሥዕል የሌለው ቃል

ረድኤት ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ የየሱቁን ጽሑፍ ታስነብባታለች። ልጅቷ ግን ፊደሉን ትታ ሥዕሉን እያየች፣ "ዳቦ! ጫማ!" ትላለች። አስተማሪዋ፣ "በዚህ ከቀጠለች ክፍል ትደግማለች" ካሏት ወዲህ እናት እንቅልፍ የላትም።

"አንቺ ልጅ፣ እስከ መቼ ትገምቺያለሽ?" አለቻት ዛሬ ተናዳ። "ሥዕል የሌለው አንብቢና አጨበጭብልሻለሁ።"

ረድኤት አኩርፋ ወደ ቤት ሮጠች። አጥራቸው ላይ ጠዋት ያልነበረ ትልቅ ቀይ ጽሑፍ አለ፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። በጣቷ እየተከተለች፣ "ይ... ፈ... ር... ሳ... ል" አለች። ፊቷ በራ።

"ይፈርሳል! እማዬ፣ 'ይፈርሳል' ነው የሚለው!"

እናት መሀል መንገድ ላይ ቆማ ቀረች።

"አነበብኩ እኮ!" አለች ልጅቷ፣ የቀላ ጣቷን እያሳየቻት። "አታጨበጭቢልኝም?"